የአይሁድ ማኅበራት ለአረጋውያኖቻቸውና ለምኩራቦቻቸው የመንግሥት ድጋፍ የሚያገኙት እንዴት ነው? እኛስ?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ውስጥ የቦርድ አባል ነኝ። የአይሁድ ድርጅቶች ለአረጋውያን ምግብ፣ ለሆም ኬር፣ ለምኩራብ ጥበቃ ሳይቀር ከመንግሥት ገንዘብ እንደሚያገኙ እንሰማለን። ስብሰባችን ላይ አንዱ «ሀብታም ስለሆኑና ላይ ቤት ሰው ስላላቸው ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «ሃይማኖት ያለበት ድርጅት መንግሥትን ገንዘብ መጠየቅ በሕግ ክልክል ነው» አለ። እውነቱ የቱ ነው? እኛስ ከየት እንጀምር?

መልስ፦

ከሁለተኛው ልጀምር፣ አጭር ስለሆነ። ሃይማኖታዊ መነሻ ያለው ድርጅት የመንግሥት ገንዘብ መጠየቅም መቀበልም ይችላል። የካቶሊክ፣ የሉተራንና የአይሁድ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲያደርጉት ኖረዋል። ክልክሉ ሌላ ነው። በቀጥታ ከመንግሥት በመጣ ገንዘብ ጸሎት ማካሄድ ወይም ሃይማኖት ማስተማር አይቻልም። እሱ በሰዓት ወይም በቦታ ተለይቶ፣ በሌላ ገንዘብ መካሄድ አለበት። አገልግሎት ፈልጎ የመጣን ሰውም «የእኛ ሃይማኖት ተከታይ አይደለህም» ብሎ መመለስ አይቻልም። አንድ የአይሁድ የቤተሰብ አገልግሎት ቢሮ በር ላይ ለአንድ ሰዓት ብትቆሙ፣ አይሁዳዊ ያልሆነ ብዙ ሰው ሲገባና ሲወጣ ታያላችሁ።

የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። «ሀብታም ናቸው፣ ሰው አላቸው» የሚለው ወሬ በአይሁድ ላይ ለዘመናት ሲወረወር የኖረ፣ ብዙ ደም ያፈሰሰ ክስ ነው። በስብሰባችሁ ላይ በክፋት እንዳልተነገረ አምናለሁ። ግን ልክ አይደለም። እኛንም ይጎዳናል። ነገሩ የሀብትና የዝምድና ጉዳይ ነው ካልን፣ ቁጭ ብለን ከማየት በቀር ምንም የምንሠራው ነገር አይኖርም።

ድሃ አይሁድ አለ። ኒውዮርክ ውስጥ የአይሁድን ድህነት ለመዋጋት ሜት ካውንስል የተባለው ድርጅት በ1972 የተቋቋመው ለዚህ ነው። (ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1960ዎቹ መንግሥት በድህነት ላይ ዘመቻ ከፍቶ ብዙ ፕሮግራም ሲዘረጋ፣ በየአሮጌው ሰፈር ብቻቸውን የቀሩ የአይሁድ አረጋውያንን ብዙ ሰው አላያቸውም ነበር። «አይሁድ ችግረኛ የለውም» ተብሎ ይታሰብ ስለነበር። እንግዲህ ሀብታም የመባል ስም የመንግሥትን በር ከመክፈት ይልቅ የሚዘጋበት ጊዜም ነበረ ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት አገኙ? በእኔ እምነት ዋናው ነገር ይኸውና። «ለአይሁድ ስጡን» ብለው አይጠይቁም። አንድን ችግር በራሳቸው ሰፈር ቆጥረውና መዝግበው ያጠኑታል። መፍትሔውን መጀመሪያ ከራሳቸው ኪስ አውጥተው ይሞክሩታል። ከዚያ ለማንም ክፍት የሆነ ሕግ ወይም የበጀት ርዕስ እንዲወጣ ይወተውታሉ። በሩ ሲከፈት ፎርሙን ሞልተው ቀድመው የሚቀርቡትም እነሱ ናቸው። ይህንን ደግሞ በየዓመቱ፣ ሳይታክቱ ይደጋግሙታል።

ከጀርባው ረጅም ታሪክ አለ። በ1654 ሃያ ሦስት አይሁድ ከብራዚል ተሰደው፣ ያኔ በደች እጅ ወደነበረችው የዛሬዋ ኒውዮርክ ደረሱ። ገዥው ሊያባርራቸው ፈለገ። በሚቀጥለው ዓመት የደች ኩባንያ እንዲቀመጡ ሲፈቅድላቸው፣ ድሆቻቸው ለሌላው ሸክም ሳይሆኑ በራሳቸው ወገን እንዲደገፉ የሚል ሁኔታ አብሮ አስቀመጠ። ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ አይሁድ አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው እንዲሁ ኖሩ። ቀባሪው፣ አበዳሪው፣ የእጓለ ማውታ አሳዳጊው የራሳቸው ማኅበር ነበር። በ1895 ቦስተን ውስጥ ብዙ ትንንሽ የረድኤት ማኅበራት ገንዘብ ማሰባሰቡን በአንድ ላይ ለማድረግ ተስማሙና የመጀመሪያው ፌዴሬሽን ተወለደ። በ1930ዎቹ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ግን ሰጪውም አብሮ ወደቀ። የማኅበራቱ መሪዎች «ይህ ከእኛ አቅም በላይ ነው፣ የመንግሥትም ግዴታ ነው» ማለት የጀመሩት ያኔ ነው። በ1935 የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ወጣ። በ1965 ደግሞ ሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና መድን)፣ ሜዲኬይድ (የአነስተኛ ገቢ ሰዎች የጤና መድን) እና የአረጋውያን ሕጉ ወጡ። ዛሬ የአይሁድ መጦሪያ ቤቶችና የቤተሰብ አገልግሎቶች ከገቢያቸው ትልቅ ድርሻ የሚያገኙት በእነዚህ ሕጎች በኩል ነው።

ይህንን ያነሣሁት እኛ ገና የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ስለሆንን ነው። እድር አለን። ሰው ሲሞት ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ በአንድ ሌሊት እናዋጣለን። በዚህ አንታማም። በሕይወት ላለው አረጋዊ ግን ያንኑ ያህል አልተደራጀንም።

አሁን ወደ ተጨባጭ ነገር ልግባ። ከሁሉ የምወደው የፔን ሳውዝ ጉዳይ ነው። ፔን ሳውዝ ማንሃተን ውስጥ ያለ የኅብረት ሥራ መኖሪያ ነው። አሥር ሕንፃ፣ 2,820 አፓርትመንት። የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ለሠራተኞች ያሠራው ሲሆን፣ በ1962 ሲመረቅ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተገኝተው ነበር። የገቡት ወጣት ሠራተኞች እዚያው አረጁ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሕንፃው ማንም ሳያቅደው የአረጋውያን መንደር ሆነ። ልጆቹ ወጥተዋል። ባልየው ሞቷል። ሴትዮዋ ለመብራትና ለጋዝ መክፈሏን ትረሳለች። አንዷ ምድጃ ላይ ድስት ጥዳ ትተኛለች። ሁሉም ግን «ከቤቴ አልወጣም» ይላሉ።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩና የኒውዮርክ የአይሁድ ፌዴሬሽን በ1986 መላ ዘየዱ። ሰውየውን ወደ መጦሪያ ከመውሰድ መጦሪያውን ወደ ሰውየው ማምጣት። ሶሻል ወርከርና ነርስ እዚያው ግቢ ውስጥ ተመደቡ። የደም ግፊት ታች ወርዶ መለካት ተቻለ። ርካሽ መሆኑ የአንድን ሰው የነርሲንግ ሆም (የመጦሪያ ቤት) ወጪ ለሚያውቅ ሁሉ ግልጽ ነበር፤ ለሜዲኬይድ ከፋይ ለሆነው ለክፍለ ግዛቱም ጭምር። ፌዴሬሽኑ ይህን ይዞ ወደ ክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ አልባኒ ሄደ። በ1994 የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ሕግ አወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ገንዘብ ተመደበ። በ1999 የከተማው አስተዳደር የራሱን ጨመረ።

ሕጉን ስታነቡት «አይሁድ» የሚል ቃል የለበትም። የሚጠይቀው በአንድ የመኖሪያ ግቢ ውስጥ ስንት አረጋዊ እንዳለና ባለሕንፃውና ማኅበረሰቡ ከራሳቸው ምን ያህል እንደሚያዋጡ ነው። ስለዚህ የቻይናውያን ሰፈርም፣ የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈርም፣ የላቲኖ ሰፈርም ሊጠቀምበት ቻለ። የምክር ቤት አባላት ለመደገፍ የማይቸገሩት እንዲህ ያለውን ሕግ ነው። እያንዳንዱ አባል በራሱ ወረዳ የሚጠቀም ሰው አለው።

ሁለተኛው ከሆሎኮስት፣ ናዚዎች በአይሁድ ላይ ከፈጸሙት እልቂት፣ የተረፉት አረጋውያን ጉዳይ ነው። ለእነሱ የሚሰጠው የሆም ኬር ገንዘብ ብዙው የሚመጣው ከጀርመን መንግሥት ነው። ይህንንም በ1951 የተቋቋመው ክሌይምስ ኮንፈረንስ እየተደራደረ ያስገኘዋል። በአሜሪካ መንግሥት በኩል ግን ለረጅም ጊዜ ለእነሱ ተብሎ የተለየ ነገር አልነበረም። በ2013 መጨረሻ በያኔው ምክትል ፕሬዚዳንት ባይደን በኩል አንድ እቅድ ይፋ ሆነ። ከዚያም ኮንግረስ ገንዘብ መደበ። በ2015 የሰሜን አሜሪካ የአይሁድ ፌዴሬሽኖች ማኅበር የአምስት ዓመት፣ የ12 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አገኘ። ፌዴሬሽኖቹም ከራሳቸው ጨመሩበት።

የተከራከሩበት ነጥብ ግሩም ነው። «እነዚህ ሰዎች ድሆች ናቸው» ብለው ብቻ አላቆሙም። አንድ መጦሪያ ቤት ውስጥ የሚሆነውን አሳዩ። ረዳቷ አሮጊቷን ለማጠብ ወደ ሻወር ትወስዳታለች። አሮጊቷ ትጮኻለች፣ ትንቀጠቀጣለች። ረዳቷ «አስቸጋሪ ሴት» ብላ ትመዘግባለች። ያቺ ሴት ግን በልጅነቷ እናቷ «ሻወር» ተብላ ወደ ጋዝ መግደያ ክፍል ተወስዳ ቀርታባታለች። ሌላው ዳቦ ትራሱ ሥር ይደብቃል። ሌላው ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲመጣ በሩን አይከፍትም። ስለዚህ ሠራተኛው የሰውየውን ያለፈ ሕይወት አውቆ እንዲንከባከብ ሥልጠና ያስፈልጋል አሉ። ሙያው በአማርኛ ቢባል «የደረሰበትን መከራ ያገናዘበ እንክብካቤ» ነው።

ከዚያ ነገሩ ሰፋ። አሠራሩ ለሆሎኮስት ተራፊዎች ብቻ ሳይሆን ከባድ መከራ ላለፈባቸው ሌሎች አረጋውያንም መዋል ጀመረ። እዚህ ላይ እባክዎ ቆም ይበሉ። በእድራችሁ ውስጥ በቀይ ሽብር ዘመን ልጃቸውን ያጡ እናት የሉም? ታስረው የተገረፉ አባት የሉም? ሱዳን በረሃ ላይ ወገናቸውን ቀብረው የመጡ የሉም? እኒህ ሰዎች ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሆኗቸዋል። ሌሊት ለምን እንደሚባንኑ የሆም ኬር ሠራተኛዋ አታውቅም። መንገዱ ግን ተጠርጓል። እንደ አዲስ መጥረግ አያስፈልገንም፤ ገብተን መጠየቅ ነው።

ሦስተኛው ለብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶቻችን በቀጥታ የሚሆነው ነው፤ ለትርፍ ላልቆሙ ተቋማት የሚሰጠው የፌዴራል የደኅንነት ድጋፍ። የአይሁድ ፌዴሬሽኖች ከሌሎች ጋር ሆነው ገፍተውት በ2005 በ25 ሚሊዮን ዶላር ተጀመረ። የሚያስተዳድረው ፌማ፣ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ ነው። በጥቅምት 2018 ፒትስበርግ ውስጥ አንድ ታጣቂ ምኩራብ ገብቶ አሥራ አንድ ምእመናን ገደለ። ከዚያ በኋላ ውትወታው በረታ። በ2020 ዘጠና ሚሊዮን፣ በ2021 መቶ ሰማንያ ሚሊዮን፣ በ2023 ሦስት መቶ አምስት ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ለሁሉም ሃይማኖት ክፍት ነበር። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብላጫውን ያገኙት የአይሁድ ተቋማት ናቸው። አድልዎ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። መኖሩን ያወቁትና ያመለከቱት በብዛት እነሱ ነበሩ። ፌዴሬሽኑ ለእያንዳንዱ ምኩራብ «በዚህ ቀን ይዘጋል፣ ይህን ወረቀት አዘጋጁ» ብሎ ይደውላል። የእኛ አጥቢያ ስለ ቀኑ የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው።

በገንዘቡ ካሜራ፣ የተጠናከረ በር፣ አጥር፣ መብራት፣ ቶሎ የማይሰበር የመስታወት ሽፋን፣ የጥበቃ ሠራተኛና ሥልጠና መግዛት ይቻላል። ሥልጠናውን አትናቁት። በጥር 2022 ቴክሳስ፣ ኮሊቪል ውስጥ አንድ ታጣቂ ራቢውንና ምእመናንን ለብዙ ሰዓት አግቶ ነበር። በመጨረሻ ራቢው ወንበር ወርውሮበት አብረውት የነበሩትን ይዞ ወጣ። ያዳነን ቀደም ሲል የወሰድነው ሥልጠና ነው ብሎ በይፋ ተናግሯል።

ማመልከቻው የሚቀርበው ለፌማ በቀጥታ አይደለም። በክፍለ ግዛቱ የተመደበ መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ምኩራብ የግብር መሥሪያ ቤቱ የአይአርኤስ የምዝገባ ደብዳቤ ባይኖራቸውም ማመልከት ይችላሉ፤ ሕጉ ከታክስ ነፃ አድርጎ ያያቸዋል። ዋናው ሰነድ የሕንፃውን ድክመት የሚያሳይ ጥናት ነው። በብዙ ቦታ የአካባቢው ፖሊስ በነፃ መጥቶ ያያል። ከዚያ የምትጠይቁት እያንዳንዱ ዕቃ በጥናቱ ላይ ከተጻፈ ድክመት ጋር መያያዝ አለበት። «ካሜራ እንፈልጋለን» ብሎ መጻፍ ነጥብ አያስገኝም። «ለትንሣኤ ሌሊት ብዙ ሕዝብ ጫማውን አውልቆ በአንድ በር ይገባል፤ የኋላው በር መስታወት ነው፣ መብራት የለውም፣ ከመኪና ማቆሚያው አይታይም» ብላችሁ ጻፉ። ይህን የሚያውቀው ከናንተ በቀር ማንም የለም።

አንድ ከባድ ነገር ግን አለ። ገንዘቡ የሚመጣው ካወጣችሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኝ ታቀርባላችሁ፣ ከዚያ ይመለስላችኋል። በ2024 ለአንድ ቦታ እስከ 200,000 ዶላር ድረስ መጠየቅ ይቻል ነበር። ግን በባንክ 10,000 ዶላር ያለው አጥቢያ 200,000 መጠየቁ ጭንቅ ያመጣበታል። ልታሽከረክሩት በምትችሉት መጠን ጠይቁ። ሕንፃው ኪራይ ከሆነ ደግሞ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። የፌማ ግምገማ አልቆ ፈቃድ ሳታገኙም አንድ ሚስማር አትምቱ፤ ቀድሞ የተሠራ ሥራ አይከፈልም።

አንድ ነገር ላክል፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ስደተኛ ሲመጣ በጥቂት ወራት ሥራ ይዞ ራሱን እንዲችል የሚረዳው «ማቺንግ ግራንት» የተባለው ፕሮግራም በ1979 የተጀመረው በዋናነት ከሶቭየት ኅብረት ለሚመጡ አይሁድ ነበር። የአይሁድ ማኅበራት «እኛ ይህን ያህል እናወጣለን፣ መንግሥት ይህን ያህል ያውጣ» ብለው ያስጀመሩት ነው። ከዚያ ለሌሎች ስደተኞች ሁሉ ሆነ። በ1983 ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት፣ ኢሲዲሲ፣ በዚሁ ፕሮግራም ከሠሩት ብሔራዊ ድርጅቶች አንዱ ነው። ከእናንተ መካከል በዚህ ገንዘብ የመጀመሪያ የቤት ኪራዩ የተከፈለለት ሰው ሊኖር ይችላል።

ለሁሉም ክፍት የሆነ መንገድ ይሻላል የምለው ለፖለቲካ እንዲመች ብቻ አይደለም። እስራኤል ያሉ የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ልምድ ይህንን ያሳያል። እዚያ «ለኢትዮጵያውያን» ተብለው የተለዩ ፕሮግራሞች ብዙ ነበሩ። በ1993 የተቋቋመው የኢትዮጵያ አይሁዶች የእስራኤል ማኅበር ለዓመታት ሲከራከር የኖረው፣ መለየቱ ልጆቹን ከሌላው እያራቀና ስም እየለጠፈባቸው ነው እያለ ነው። ከ2015ቱ የወጣቶች ተቃውሞ ሰሞን ጀምሮ መንግሥትም በተለየ ፕሮግራም ፋንታ በመደበኛው አገልግሎት ውስጥ ማካተትን መመሪያ አደረገ። አፈጻጸሙ ላይ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። ነገር ግን ጥያቄው የተነሣው ከማኅበረሰቡ ውስጥ መሆኑ ልብ ይባልልኝ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። መጀመሪያ ሕጉን እንለይ። ማኅበራችሁ 501(ሲ)(3)፣ ማለትም ከታክስ ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ከሆነ ሎቢ ማድረግ (ሕግ አውጪን መወትወት) ይችላል፤ መጠኑ ግን የተወሰነ ነው። 501(ኤች) የሚባለውን ምርጫ በቅጽ 5768 ካስመዘገባችሁ ወሰኑ በቁጥር ይታወቃል። ዓመታዊ ወጪያችሁ ከ500,000 ዶላር በታች ከሆነ እስከ 20 በመቶው ድረስ ለሎቢ ማዋል ትችላላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ይህንን ምርጫ መጠቀም አይችልም፣ ማኅበር ግን ይችላል። ስለዚህ ሥራው በማኅበሩ ስም ቢሆን ይሻላል። ችግራችሁን ለባለሥልጣን ማስረዳት በራሱ ሎቢ አይደለም። «ይህንን ረቂቅ ደግፉልን» ስትሉ ነው ሎቢ የሚሆነው። በምርጫ ወቅት «እገሌን ምረጡ» ማለት ግን ለማኅበራችሁ ፈጽሞ ክልክል ነው። ከፌዴራል ግራንት የመጣን ገንዘብም ለሎቢ ማዋል አይቻልም።

ከዚያ ቤታችሁን አስተካክሉ። ብዙ ማኅበሮቻችን የሚወድቁት እዚህ ነው። ለአይአርኤስ የሚቀርበው ሪፖርት፣ ቅጽ 990፣ በየዓመቱ ይግባ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያላስገባ ድርጅት ከታክስ ነፃ የመሆን ፈቃዱ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። ሊቀ መንበር ተለውጦ፣ ገንዘብ ያዥ ተኳርፎ፣ ወረቀቱ በአንድ ሰው ምድር ቤት ውስጥ ቀርቶ ስንት ማኅበር እንዲህ ሞቷል። ዛሬ ማታ የአይአርኤስን ድረ ገጽ ከፍታችሁ ስማችሁ መኖሩን እዩ። ከሌለ እስኪስተካከል ድረስ ፈቃድ ያለው ሌላ ድርጅት ገንዘቡን በአደራ ተቀብሎ እንዲያስተዳድርላችሁ መዋዋል ይቻላል።

ቀጥሎ ቁጠሩ። የአይሁድ ፌዴሬሽኖች የማኅበረሰባቸውን ሁኔታ በየጊዜው ያስጠናሉ። ስንት አረጋዊ ብቻውን ይኖራል፣ ስንቱ ምግብ ይቸግረዋል፣ ይህን ሁሉ ይጠይቃሉ። እናንተ ጥናት ለማስጠናት ገንዘብ ላይኖራችሁ ይችላል። የእድር መዝገብ ግን አላችሁ። ማን ስልሳ አምስት እንዳለፈ፣ ማን ብቻውን እንደሆነ፣ ማን ሥራ የሄደ ልጁን እየጠበቀ እንደሚውል የምታውቁ እናንተ ናችሁ። ስም ሳትጠሩ ቁጥሩን በአንድ ገጽ አውጡት።

ከዚያ አንድ ነገር ምረጡ። አሥር አትጠይቁ። እኔ ብሆን በምግብ እጀምራለሁ። በ1965ቱ የአረጋውያን ሕግ መሠረት የሚሰጠው ምሳ ከፌዴራል ወደ ክፍለ ግዛት፣ ከዚያ ወደ ካውንቲው የአረጋውያን መሥሪያ ቤት ይወርዳል። በብዙ ከተማ በዚሁ ገንዘብ ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ የምግብ ሥርዓት የተዘጋጀ፣ ምሳ ይቀርባል፣ ምክንያቱም የአይሁድ ድርጅቶች ጠይቀው አስገብተውታል። የእኛ እናት በሁዳዴ ዶሮ ያለበት ሣህን ሲመጣላት ከድና ታስቀምጠዋለች፣ ቀኑንም በሻይና በቆሎ ትውላለች። መሥሪያ ቤቱ ግን «ምሳ ተሰጥቷል» ብሎ ይመዘግባል። ሽሮና ጎመን ከዶሮ አይወደድም። ረቡዕ፣ ዓርብና ሁዳዴን የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ፣ ስንት ሰው እንደሚፈልግና ማን ሊያበስል እንደሚችል ይዛችሁ ሂዱ። ጥቂት ወር በራሳችሁ ወጪ ለትንሽ ሰው ሞክሩት። ስንት ሣህን ባዶ እንደተመለሰ መዝግቡ። ያ ወረቀት ከየትኛውም ንግግር ይበልጣል።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ከባለሥልጣን ጋር ፎቶ መነሣት ውትወታ አይደለም። ለአዲስ ዓመት በዓል ካውንስል አባል ጠርተን፣ ነጠላ አልብሰን፣ ክትፎ አብልተን ሸኝተናል። ምን ጠየቅን? ብዙ ጊዜ ምንም። የዋሽንግተን አካባቢ የአይሁድ ማኅበረሰብ ግንኙነት ምክር ቤት ሰዎች ወደ ሜሪላንድ ዋና ከተማ ወደ አናፖሊስ ሲሄዱ አጭር ወረቀት ይዘው ነው፤ የሚፈልጉት ምን እንደሆነና በሰውየው ወረዳ ውስጥ ማን እንደሚጠቀም የተጻፈበት። ከስብሰባው በኋላ ምስጋና ይልካሉ። ገንዘቡ ሲመጣ ምን እንደተሠራበት ተመልሰው ይነግራሉ። በሚቀጥለው ዓመት ያው ሰው እንደገና ይደውላል። ቦርዱ ቢለወጥም ደዋዩ አይለወጥም። እናንተም አንድ ሰው መድቡ፣ ለሁለት ለሦስት ዓመት አትቀይሩት።

ወደዚሁ የአይሁድ ምክር ቤትም ደውሉ። «እናንተ ይህን እንዴት ጀመራችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። በጋራ ከቆማችሁ ለሁለታችሁም ይጠቅማል፤ የአረጋውያን ምግብ በጀት ሲቀነስ ኮሸሩም የጾሙም አብረው ይቀነሳሉ። ኮሪያውያኑን፣ ቬትናማውያኑን፣ ላቲኖዎቹን ጨምሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

የጊዜውን ነገር ልጨርስ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው። የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ በማርች አጋማሽ ረቂቁን ያቀርባል። ካውንስሉ በኤፕሪል የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፣ በሜይ ያጸድቃል። አናፖሊስ ያለው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ደግሞ ከጃንዋሪ ጀምሮ ዘጠና ቀን ብቻ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ በኤፕሪል መጥቶ መጠየቅ ዘግይቶ መምጣት ነው። ቁጥራችሁን በሴፕቴምበርና በኦክቶበር አዘጋጁ። ከአረጋውያን መሥሪያ ቤቱና ከካውንስል አባላችሁ ጋር በኖቬምበር ተገናኙ፤ ረቂቁ ሲጻፍ ሐሳባችሁ ውስጡ እንዲኖር። ኤፕሪል ላይ የምትናገሩት ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ሊቀ መንበሩ ባይናገር ይሻላል። እናቷን የምታስታምም ልጅ ትናገር፣ ያንን የሣህን ቁጥር ይዛ። ለመናገር ስም የሚመዘገበው ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ ምዝገባው በተከፈተ ቀን ግቡ።